የቀድሞው ዋና ስራ አስፈጻሚ ስለ ብዝኃነት የምራቸውን ነበር? ደብዳቤው ላይ እንፈርም ወይስ አንፈርም?

አድሚን፦
ሰላም ቤተሰብ። እንደሰማችሁት የቀድሞው ዋና ስራ አስፈጻሚያችን ባለፈው ሳምንት መስቀል አደባባይ አካባቢ ሆቴል ውስጥ የተደረገ ፓነል ላይ ቀርበው አገር የሚመስል መስሪያ ቤት ትተው እንደወጡ ተናግረዋል። አሁን ለአንድ የአካታችነት ሽልማት ታጭተዋል፣ ከድሮና ከአሁን ሰራተኞች የድጋፍ ደብዳቤ ይፈለጋል ተብሎ ረቂቁ ደርሶኛል፣ ከታች በፎቶ ለጥፌዋለሁ። የሚፈርም እስከ ዓርብ ማታ በውስጥ መስመር ስሙን ይላክልኝ። ሀሳብ ያለው እዚሁ ይናገር ግን በስርዓት። ስድብ የለም፣ የሰው ስም የለም፣ ብሔር የለም።

የለገሃሯ፦
እኔ አልፈርምም፣ አበቃ። የቱ ብዝኃነት ነው? ማርች 8 በመጣ ቁጥር ሴቶቹን በሙሉ ሎቢ አሰልፎ ሃምራዊ ቲሸርት (ሁሉም ኤክስኤል፣ ለኔ እንደ ቀሚስ ነበር) አልብሶ ኬክ ቆርሶ ፎቶ ተነስቶ ከሰዓት ማኔጅመንት ሚቲንግ ሲገባ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ነው ያለው? ዘጠኝ ወንድና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ አንዲት ሴት። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እኔ ነኝ። ቲሸርቱን ሳላወልቅ ነው የያዝኩት።

ኔትወርክ ቲም፦
አንቺ ደግሞ ስትጀምሪ። እሱ ከመምጣቱ በፊት እኛ ክፍል ስንት ሴት ነበረች? ዜሮ። ሲወጣ ስድስት። "ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ" የሚለው ማስታወቂያ ላይ ድሮም ነበር ማንም አያየውም፣ ሾርትሊስቱ ላይ አንድም ሴት ከሌለች አልፈርምም ብሎ የመለሰብን ግን እሱ ነው፣ ያውም ሁለቴ። ኢንተርቪው ፓነል ላይ ስለነበርኩ አውቃለሁ፣ በጊዜው በጣም ነው የተናደድኩት ምክንያቱም ሰው ቸግሮን ነበር፣ በሶስተኛው ዙር የመጣችው ልጅ ናት ዛሬ ዳታ ሴንተሩን የያዘችው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲስተም ሲወድቅ የሚደወለው ለሷ ነው። እኔ ፈርሜያለሁ።

የለገሃሯ፦
ከስድስቱ ስንቶቹ አሉ አሁን?

ኔትወርክ ቲም፦
ሁለት። ግን ካናዳ ለሄደ ሰው እሱ ምን ያድርግ።

የለገሃሯ፦
ካናዳ የሄደችው አንዷ ናት ባክህ። ሶስቱ ከወሊድ ሲመለሱ ናይት ሺፍት ተመድበው ነው የለቀቁት። አንደኛዋ ሽንት ቤት ውስጥ ጡቷን እያለበች ስታለቅስ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሰውየው ያን ወር ስለ ሴቶች መሪነት ቲቪ ላይ ቃለ መጠይቅ እየሰጠ ነበር።

ሕግ ክፍል፦
ለእውቀት ያህል ልግባ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 እርጉዝ ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሰራ ይከለክላል። ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፣ ከመውለዷ በፊት ካለው 30 ቀን ጋር 120። ከዛ ስትመለስ ለናይት ሺፍት ግን እንደማንም ሰው ናት። ስለዚህ ሰውየው ሕግ አልጣሰም። በርግጥ "ሕግ አልጣሰም" ተብሎ ሽልማት ይሰጣል ወይ የሚለው ሌላ ነው። ደግሞ ያው አዋጅ ሴቶች ለቅጥርም ለእድገትም ሲወዳደሩ እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ይሰጣቸው ይላል። ሾርትሊስት መለሰልን የምትለው ውለታ አይደለም ወንድሜ፣ ግማሹ ግዴታው ነው።

ኔትወርክ ቲም፦
እሺ ግዴታውን የተወጣ ሌላ አለቃ ጥራልኝ። አንድ። አዋጁ እኮ ለሁሉም ነው የወጣው።
ደግሞ ለአባቶች 10 ቀን ፈቃድ የሰጠውስ? አዋጁ 3 ቀን ነው የሚለው።

ፋሲሊቲ፦
ኪኪኪ የ10 ቀኗን አታንሳብኝ። ልጄ የተወለደ ጊዜ ልሞላ ስሄድ የቅርብ አለቃዬ ቅጹን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ "አንተ ነህ እንዴ ያማጥከው" አለኝ፣ አራተኛው ቀን ላይ ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል ና ተባልኩ መጣሁ። ፖሊሲው ሰውየው ቢሮ ግድግዳ ላይ በፍሬም አለ ግን ታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ አይሰራም።

ጋሽ ኦዲት፦
ልጆች እኔ እዚህ ቤት አምስት ስራ አስኪያጅ ሸኝቻለሁ፣ ስድስተኛውን ሳልሸኝ ጡረታ ወጣሁ። ነገሩን ከጊዜው ጋር ነው ማየት። ጥቅምት 2011 ካቢኔው ከ20 ሚኒስትር 10ሩ ሴት ሆኑ፣ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለወርቅ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድ። ያን ሰሞን ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ያለ መስሪያ ቤት ሁሉ "ሴት ፈልጉ" ሆኖ ነበር። የኛም ሰውዬ የብዝኃነት ጽሕፈት ቤቱን ያቋቋመው ያኔ ነው፣ ህዳር ላይ። ወረቱ ሲያልፍ ጽሕፈት ቤቱ ከአራት ሰው ወደ አንድ ሰው ወረደ፣ ክፍሉንም ለፕሮቶኮል ሰጡት። ሂሳቡን ያየሁት እኔ ነኝ። ለባነር፣ ለቲሸርትና ለሆቴል አዳራሽ የወጣው ለስልጠና ከወጣው ይበልጥ ነበር። ጽፌዋለሁ፣ "ታይቷል" የሚል ማህተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ።

ኔትወርክ ቲም፦
ጋሼ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በወረትም ቢሆን የተቀጠረች ልጅ ተቀጥራለች። ደሞዟ በወረት አይደለም የሚገባው።

ጋሽ ኦዲት፦
እሱ እውነት ነው ልጄ። እኔ አልጠቀመም አላልኩም። የምራቸውን ነበር ወይ ስለተባለ ነው።

ዳታ፦
እኔ ደግሞ የምሩን ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ራሱ ምን እንደሚሰራልን አይገባኝም። የአሜሪካውን ቺፕ አምራች ኢንቴልን እዩ። የዛን ጊዜው ሲኢኦ ብራያን ክርዛኒች በፈረንጆቹ ጥር 2015 ትልቅ መድረክ ላይ ወጥቶ 300 ሚሊዮን ዶላር መድበናል፣ በ2020 የሰራተኛችን ስብጥር ይስተካከላል አለ። ሰኔ 2018 ከስራ ለቀቀ፣ ለምን? ከሰራተኛ ጋር ድሮ የነበረው ግንኙነት የኩባንያውን ደንብ ጥሷል ተብሎ። በዛው አመት ጥቅምት ኩባንያው ግቡን ከቀጠሮው ሁለት አመት ቀድመን መታን ብሎ አወጀ። አያችሁ፣ ሰውየው ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ብር ነበር ቀን ነበር በየአመቱ የሚወጣ ቁጥር ነበር። የኛ ሰውዬ ብር መደበ? ትንሽ። ቀን ቆረጠ? የለም። ቁጥር አወጣ? ኧረ በጭራሽ። እኔ ዳታ ላይ ነው የምሰራው፣ በክፍልና በደረጃ ሴት ወንድ ለዩና ስጡኝ ብዬ ኤችአርን ሶስቴ ጠይቄ "ሚስጥራዊ ነው" ተባልኩ። የራሳችን የሰው ብዛት!

የለገሃሯ፦
የኢንቴልንም ቢሆን ለኔ አታስጨብጭበኝ። መታን ያሉት ግብ የስራ ገበያው ላይ ሰልጥኖ ካለው ሰው ብዛት ጋር ተመጣጠንን ነው እኮ። ገበያው ላይ ሴት ትንሽ ከሆነች ትንሽ ቀጥረህም መታሁ ትላለህ። የኛም ሰውዬ ሁሌ ያቺን ነበር የሚላት፣ ገበያው ላይ ለማኔጅመንት የሚሆን ብቁ ሴት አጣን። እናት ባንክ አብዛኛው ባለአክሲዮኑ ሴት ሆኖ ስራ የጀመረው በኛ አቆጣጠር በ2005 ነው፣ ሩቅ አይደለም እዚሁ ከተማ ነው፣ ሴት ማናጀር ምን እንደምትመስል ማየት ከፈለገ በታክሲ ይደርስ ነበር።

ዳታ፦
ጥሩ ነጥብ ነው። ተቀብያለሁ። ግን ቢያንስ ልንከራከርበት የምንችል ቁጥር አላቸው፣ እኛ የምንከራከረው በቲሸርት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
አድሚን ይቅርታ አርጊልኝና ልነካው ነው። ብሔር የለም ብለሽ ስለ ብዝኃነት ተከራከሩ ማለት ሽሮ የለም ብለሽ ስለ ጾም ምግብ ተነጋገሩ እንደማለት ነው። በዚህ አገር ብዝኃነት ሲባል ሰው መጀመሪያ ጆሮው ላይ የሚደውለው ምንድነው? ሰውየው ግን ሴት፣ ወጣት፣ አካል ጉዳተኛ ብሎ ይዘረዝርና እዛች ጋ ሲደርስ ይሳል ነበር። ህዳር 29 ሲሆን ብቻ የባህል ልብስ ለብሳችሁ ኑ። እናቴ ከአንድ ወገን አባቴ ከሌላ፣ ያደግኩት ዛሬ በፈረሰው ሰፈር ፒያሳ፣ የቱን ልልበስ ብዬ ኤችአር ብጠይቅ "አንዱን ምረጥ" ተባልኩ፣ ተከራይቼ ለበስኩ፣ ሱሪው አጥሮኝ ቁርጭምጭሚቴ ታይቶ አመታዊ ካላንደሩ ላይ ወጣሁ። ፎቶው ስር የማላውቀው ብሔረሰብ ስም ተጽፏል።

አድሚን፦
ሃሃሃ እሱን ካላንደር አስታውሳለሁ። ግን እባክህ ከዚህ አትለፍ።

የፒያሳ ልጅ፦
አላልፍም። አንድ ነገር ብቻ። የእድገት ዝርዝር ኖቲስ ቦርድ ላይ ሲወጣ ሰው ውጤት አይደለም የሚያነበው፣ የአባት ስም ነው። ቆሞ በጣቱ እየቆጠረ። ያ ቆጠራ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፣ ግማሹ ጥርጣሬ ብቻ ነው። ውጤቱና መስፈርቱ አብሮ ቢለጠፍ ግን ግማሹ ቆጣሪ ወደ ቢሮው ይገባ ነበር። መንግስት ቤት እንኳን ከ515/1999 የመንግስት ሰራተኞች አዋጅ ጀምሮ ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተጽፏል፣ ትስማማበትም አትስማማበትም ተጽፏል። እሱ ጋ ምንም አልተጻፈም፣ "እኔን እመኑኝ" ነው።

ኸይር፦
እኔም ትንሽ ልጨምር ካልሰለቻችሁ። ረመዳን ላይ ኢፍጣር ያዘጋጅልን ነበር፣ ሆቴል፣ ቴምሩ ሾርባው ሳምቡሳው ሁሉ ያለበት፣ አላህ ይስጠው አልክድም። ሳምንታዊው ሚቲንግ ግን ዓርብ 6:30 ነው። ሁሌ ዓርብ 6:30። መንግስት መስሪያ ቤት ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የሚወጣው ለምን ይመስላችኋል? አንዴ በትህትና ጠየቅኩ፣ ሰዓቱ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለአምስት ሰው አይመችም ብዬ፣ "ስማችሁን ዘርዝራችሁ አምጡና ፈቃድ እንሰጣችኋለን" ተባልን። ስማችንን ዘርዝረን። ሚቲንጉን ወደ 8:00 መግፋት ምን ያስከፍል ነበር? ስሜን አልሰጠሁም። ሁለት አመት ሙሉ ሚቲንጉን እየዘለልኩ አመታዊ ምዘናዬ ላይ "ተሳትፎው ዝቅተኛ" ተብሎ ተጻፈ።

ኔትወርክ ቲም፦
ይሄን አላውቅም ነበር ወንድሜ። እውነቴን ነው እዛው ሚቲንግ ላይ ነበርኩ አስተውዬውም አላውቅ።

አዲሷ፦
ሰላም፣ እኔ እስካሁን እዛው ነኝ ያለሁት፣ ስሜንም ፎቶዬንም ቀይሬ ነው የገባሁት ይቅርታ። የወጣው ሰውዬ ላይ የምትሉት ሁሉ ልክ ይሆናል። አዲሱ ግን በገባ በሳምንቱ ፖስተሮቹን አስነቀለ፣ "እኛ የምናየው ሜሪት ነው" አለ፣ በቃ። ድሮ ቢያንስ የሆነ ነገር ሲደረግብህ "ጌታዬ እርስዎ ራስዎ እንዲህ ብለው ነበር" ማለት ትችል ነበር፣ ሰውየው ያፍራል፣ አንዳንዴም ያስተካክላል። አሁን ምን ብዬ ነው የማሳፍረው? ባለፈው ከኔ በኋላ የገባ ልጅ ቲም ሊደር ሲሆን ብጠይቅ "ሜሪት" አለኝ፣ መስፈርቱን ያሳዩኝ ብል ሳቀብኝ። እኔ ለዛ ስል ነው መፈረም የምፈልገው፣ ለሰውየው ሳይሆን አዲሱ እንዲያየው።

የለገሃሯ፦
እህቴ ሀዘንሽ ገብቶኛል ግን ውሸት ፈርመሽ አዲሱን አታስተምሪውም። ይልቅ የበለጠ ይማራል፣ በቲሸርት ያልፋል ማለት ነው ብሎ።

አዲሷ፦
እሱም አለ። አላውቅም። ደክሞኛል ብቻ።

ኮል ሴንተር 14፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሰኞ ጀምሮ በድምጽ እያስነበብኩ እየተከታተልኳችሁ ነው፣ አስተምራችሁኛል። አንድ ጥያቄ፣ ደብዳቤውን በፎቶ ነው የለጠፋችሁት። የኔ ስክሪን ሪደር (ጽሑፉን በድምጽ የሚያነብልኝ ፕሮግራም) ፎቶ ሲያገኝ "ፎቶ" ብሎ ያልፋል። ውስጡ ምን ይላል? የሚጽፍልኝ አለ?

አድሚን፦
ወይኔ! ይቅርታ ወንድሜ በጣም ይቅርታ፣ አፈርኩ። አሁኑኑ እጽፈዋለሁ። አንተን የሚመለከተው ሶስተኛው አንቀጽ ነው፣ እንዲህ ይላል፦ "ማየት ለተሳናቸው ሰራተኞች የተሟላ የቴክኖሎጂ ድጋፍ በማቅረብ ከማንኛውም ሰራተኛ እኩል ተወዳዳሪ እንዲሆኑ አስችለዋል።" ቀሪውንም እየጻፍኩ ነው።

ኮል ሴንተር 14፦
አመሰግናለሁ። "ሰራተኞች" ያለው ስንት ሰው ነው? እኔ ብቻ ነበርኩ።
እንግዲህ የሆነውን ልናገር፣ ከዛ እናንተ ፍረዱ። ስገባ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር ይጫንልኝ አልኩ፣ ነጻ ነው፣ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። አይቲ "ከውጪ የመጣ ሶፍትዌር አንጭንም፣ ሴኩሪቲ ነው፣ በላይ አካል ይፈቀድ" አለኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰባት ወር። ሰባት ወር ሙሉ ደሞዝ እየበላሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ የደንበኛውን መረጃ እያነበበችልኝ እኔ በስልክ እየመለስኩ፣ ሁለታችን አንድ ሰው። እሷ ስትቀር እኔም የለሁም። በመሃል ሰውየው ከካሜራማን ጋር መጣ፣ ማዳመጫውን አድርግና ኪቦርዱን ንካ አሉኝ፣ ነካሁ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር። ያ ፎቶ የመንገዱ ቢልቦርድ ላይ እንደወጣ የነገረኝ ሊስትሮ ነው።
ስምንተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት ሊፍት ውስጥ በሽቶው አወቅኩትና ደህና አደሩ ብዬ ነገርኩት። ደነገጠ፣ ድምጹ ውስጥ ይሰማል፣ "እስካሁን አልተጫነም?" አለ። የምሩን ነበር። ቢሮዬ ስደርስ አይቲዎቹ ቀድመውኝ ቆመዋል። 20 ደቂቃ ፈጀ።
ከተጫነ በኋላም ኩባንያው የገዛው የደንበኞች ሲስተም ላይ በተኖቹ ስም አልተሰጣቸውም፣ ስከፍተው "በተን፣ በተን፣ በተን" እያለ ነው የሚያነብልኝ፣ የትኛው መዝጊያ የትኛው መላኪያ እንደሆነ ቆጥሬ ነው የያዝኩት፣ አፕዴት ሲደረግ ቦታቸው ይቀያየርና እንደገና መቁጠር ነው። አንዴ ተሳስቼ የአንድ እናትን ቅሬታ አጠፋሁባቸው። ለዛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ።

ሕግ ክፍል፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ በጊዜው እዛው ቤት ነበርኩ፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጽ ያዘጋጀነው እኛ ነን። 568/2000 የሚባል አዋጅ አለ፣ አሰሪው ለአካል ጉዳተኛ ሰራተኛ የስራ መሳሪያውንና አካባቢውን የማመቻቸት ኃላፊነት አለበት ይላል። ያንን አዋጅ ኢንዳክሽን ላይ በስላይድ አሳይቻለሁ። ካንተ ጋር አላገናኘሁትም።

ፋሲሊቲ፦
ካነሳችሁት አይቀር ራምፑም እንደዛው ነው። ተሰርቷል፣ ፎቶ አለው፣ ጫፉ ላይ ያለው በር ግን ቁልፉ ጥበቃ ጋ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ከወጣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል። መሃል ላይ የናፍጣ በርሜል የምናስቀምጠውም እኛው ነን፣ ልዋሽ አልችልም።

ኔትወርክ ቲም፦
ወንድሜ እኔ በተኖቹን አላውቅም ነበር። ሲስተሙን ስንረከብ የፈተሽነው እኛ ነን። በማውዝ ነው የፈተሽነው።
ግን ይሄ የሱ ጥፋት ነው የኛ?

ኮል ሴንተር 14፦
እኔም እሱን ነው ሰባት ወር ያሰብኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሊፍት ውስጥ ስነግረው የደነገጠው ሰው ውሸቱን አልነበረም። ግን ነገሩ በሱ አንድ ስልክ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ነበር። ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ አጠገቤ አምስት ደቂቃ ቆሟል፣ ያኔ "ይሄ ነገር ይሰራል?" ብሎ ቢጠይቅ ያልቅ ነበር።
አድሚን፣ ሶስተኛው አንቀጽ "ስክሪን ሪደር ከሰባት ወር በኋላ፣ ዋና ስራ አስፈጻሚው ሊፍት ውስጥ ሲነገራቸው፣ በዚያው ጠዋት እንዲጫን አድርገዋል" ተብሎ ከተስተካከለ እፈርማለሁ። እውነት ነው፣ ለሱም ቢሆን ጥሩ ነገር ነው የሚናገርለት።

የለገሃሯ፦
እኔም በዛ አንቀጽ ከሆነ እፈርማለሁ ወላሂ። ቃለ ጉባኤውንም ጨምሩበት።

ጋሽ ኦዲት፦
እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢገኝ ሽልማቱን ራሱ እኔ እሰጣቸዋለሁ።

አድሚን፦
(ዓርብ ማታ 2:40) ቤተሰብ፣ ረቂቁን ለላኩልኝ ሰዎች የተስተካከለውን አንቀጽ ልኬላቸው መልሰዋል። አንቀጹ "ለደብዳቤው መንፈስ አይሄድም" ተብሎ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ኮል ሴንተር 14 ግን ቢፈርም በጣም ደስ ይለናል፣ ከስሙ ስር ማየት የተሳነው መሆኑ በቅንፍ ይጠቀስ ብለዋል። ሌላ ምንም አልጨምርም፣ ያሉኝን ነው ያስተላለፍኩት።

የፒያሳ ልጅ፦
ኪኪኪኪኪ የሱሪውን ቁመት አልጠየቁም?

ኔትወርክ ቲም፦
እኔ ስሜ ይቆይ። ስድቡን ቻል አድርጌ ነው፣ ዳታ ሴንተር ላለችው ልጅ ስል ነው የፈረምኩት፣ ለሷ ያደረገው ውሸት አይደለም። ሰኞ ግን ሲስተሙን ለሸጡልን ሰዎች ደውዬ ስለ በተኖቹ እጠይቃለሁ፣ እዛ ባልሰራም የማውቀው ሰው አለ።

አዲሷ፦
ስልኩን በውስጥ ላክልኝ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ ደብዳቤ አስገባለሁ። ሜሪት ነው እላቸዋለሁ።

ኮል ሴንተር 14፦
አልፈርምም አድሚን፣ በሰላም ነው። የመጨረሻውን ደብዳቤ ስትልኪ ግን በፎቶ እንዳታደርጊው፣ ምን እንደተባልኩ ማወቅ እፈልጋለሁ።